የቆየ አውቶቡስ ካምቢዮ ሲያስቸግር ፍተሻው ከባትሪ ይጀምራል

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ከተሠሩት የረጅም ርቀት አውቶቡሶች መካከል ዛሬም መንገድ ላይ የሚታየው ኤምሲአይ 102 ዲኤል3፣ ብዙውን ጊዜ የዲትሮይት ዲዝል ሲሪስ 60 ሞተርና የአሊሰን ቢ500 አውቶማቲክ ካምቢዮ የተገጠመለት ነው። ይህ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው በኮምፒውተር ትእዛዝ ስለሆነ፣ የመኪናው ኤሌክትሪክ ሲታወክ እርሱም አብሮ ይታወካል፤ በአንድ ማርሽ ላይ ተቆልፎ ይቀራል፣ እየደነገጠ ይቀይራል ወይም ከኒውትራል አልወጣም ይላል። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ ካምቢዮ ለማስወረድ ይቸኩላል። እኔ ግን አንድ ቴስተር (ቮልትና ኦም የሚለካ መሣሪያ) ይዞ ጥቂት ሰዓት መለካት ከዚያ ሁሉ ወጪ መቅደም አለበት እላለሁ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አውቶቡሱ የቆመው በአየር ከረጢት ላይ ስለሆነ፣ አየሩ በድንገት ቢወጣ የመኪናው አካል ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል፤ ስለዚህ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ሳይታገዝ ማንም ሰው ከሥሩ መግባት የለበትም። ጎማዎቹም በሁለቱም በኩል ይታገዱ።

የካምቢዮው የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ከሆነ ባትሪ ከመፍታትዎ በፊት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር ያንብቡ። በሾፌሩ አጠገብ ባለው ባለ ቁልፍ የማርሽ መምረጫ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክቱትን ቀስቶች በአንድ ጊዜ ሲጫኑ መጀመሪያ የዘይት መጠን፣ ደግመው ሲጫኑ ደግሞ የብልሽት ቁጥር ይታያል፤ የዘይት መለኪያ ሴንሰር ያልተገጠመለት ከሆነ ቁጥሩ በመጀመሪያው መጫን ይመጣል። ቁጥሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚያልፉ በወረቀት ላይ መጻፍ ይገባል። ኮምፒውተሩ እስከ አምስት ብልሽት የሚይዝ ሲሆን፣ በመምረጫው ላይ ‹‹ሞድ›› (MODE) ከሚለው ቁልፍ አጠገብ ያለው ትንሽ መብራት ከበራ የሚታየው ብልሽት አሁንም እንዳለ ያመለክታል። የማስጠንቀቂያ መብራቱ እንደበራ ሞተሩ ከጠፋ ካምቢዮው ከኒውትራል ለመውጣት እምቢ ሊል ይችላልና፣ መንገድ ላይ ያለ ሾፌር መጀመሪያ መኪናውን ደህና ቦታ ያድርስ፤ ሞተሩን የሚያጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

በ13 የሚጀምር ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ የሚደርሰው ቮልቴጅ ትክክል አለመሆኑን ይናገራል፤ 13 12 ቮልቴጁ አነሰ ማለት ሲሆን 13 23 በዛ ማለት ነው። በ22 የሚጀምረው የፍጥነት ሴንሰሮችን፣ በ23 የሚጀምረው መምረጫውን፣ በ24 የሚጀምረው የዘይቱን ሙቀት ይመለከታል። በ13 የማይጀምር ቁጥር ቢመጣም እንኳ የኤሌክትሪኩን ፍተሻ መዝለል አይገባም፤ ምክንያቱም ደካማ ቮልቴጅ ያለበት ኮምፒውተር እርስ በርስ የማይገናኙ ብልሽቶችን አከታትሎ ሊመዘግብ ይችላል።

አውቶቡሱ የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ይህም በተከታታይ ከተያያዙ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች የሚገኝ ነው። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው ይለኩ። የሞላ ባትሪ ወደ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሹ አልቋል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ድምሩን ብቻ ለክቶ ‹‹25 ቮልት አለ›› ብሎ ሲተወው ነው። አንዱ 13፣ ሌላው 12 ሆኖም ድምሩ 25 ይሆናልና። እንዲህ ያለ ልዩነት ከታየ የሚጠረጠረው በሁለቱ መካከል ሚዛን የሚጠብቀው ኢኳላይዘር ነው፤ እርሱ ሲበላሽ አንዱ ባትሪ ከመጠን በላይ እየተሞላ ሲደርቅ ሌላው በረሃብ ይሞታል። አውቶቡሱ ወደ መኖሪያ መኪና ተለውጦ ከሆነ ደግሞ፣ የቀድሞው ባለቤት ለሬዲዮ፣ ለማቀዝቀዣ ወይም ለኢንቨርተር ሲል ከሁለቱ ባትሪዎች መገናኛ በቀጥታ 12 ቮልት የወሰደበት ሽቦ መኖሩን ይፈልጉ። በእኔ ግምት ከፋብሪካው ሽቦ ይልቅ በኋላ በተቀጠለው በዚህ ሽቦ የሚመጣው ችግር ይበልጣል።

ቀጥሎ ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር ድምሩን ይለኩ፤ ከ19 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ገመዱ ደካማ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ወደ 28 ቮልት ሊደርስ ይገባል። በእነዚህ አውቶቡሶች ላይ በብዛት የሚገኘው ዴልኮ 50 ዲኤን ዲናሞ በሞተሩ ዘይት የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ከዲናሞው ውጭ ነው፤ ስለዚህ ቻርጅ ጠፋ ተብሎ ከባድ ዲናሞ ከመውረዱ በፊት መቆጣጠሪያውና ሽቦዎቹ ይታዩ። ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይሮ በባትሪው ላይ መለካትም ይጠቅማል፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ በዲናሞው ውስጥ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩት ዳዮዶች ሳይደክሙ አልቀሩም፣ ይህም የኮምፒውተሩን ምልክት ያዛባል።

ከሁሉ የሚናቀው ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መስመር ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ፖል፣ ሌላውን በካምቢዮው አካል ላይ አድርገው ሞተሪኖው እያዞረ ይለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ በመካከሉ ዝገት ወይም የላላ ብሎን አለ፤ ገመዱ ይፈታ፣ ብረቱ እስኪያበራ ይጠረግ፣ ተመልሶ በደንብ ይጥበቅ። ለኮምፒውተሩ የሚሄዱትን የኤሌክትሪክና የማሳ ሽቦዎችም መብራቶቹን ሁሉ አብርተው በዚሁ መንገድ ይፈትሹ። ሽቦውን በመርፌ መውጋት ግን ክልክል ነው፤ በቀዳዳው የገባ እርጥበት ከወራት በኋላ ሽቦውን ከውስጥ ይበላዋል።

ካምቢዮው ከኋላ፣ መምረጫው ከፊት ስለሆነ በመካከላቸው ያለው የሽቦ ጥቅል የመኪናውን ሙሉ ርዝመት ይጓዛል። ከብረት ጋር የሚፋተግበትንና ሶኬቶቹ አረንጓዴ ዝገት ያወጡበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ሞተሩ በከፍተኛ ግፊት ውኃ ከታጠበ በኋላ የጀመረ ብልሽት ከሆነ በተለይ ሶኬቶቹ ይጠርጠሩ። የፍጥነት ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ወደ 300 ኦም ማሳየት አለበት። ሴንሰሩ ትክክል ሆኖ ቁጥሩ ከተደጋገመ፣ መለኪያው ላይ ዓይን ሳይነሣ ሌላ ሰው ሽቦውን ያወዛውዝ።

ዘይቱ የሚለካው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራና ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ ነው። ኤሌክትሮኒክ መለኪያው ዘይቱ እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፤ የሚጎድለውን ወይም የተረፈውን በኳርት (ከአንድ ሊትር ትንሽ በሚያንስ መለኪያ) ያሳያል። የተቃጠለ ሽታ ያለው ጥቁር ዘይት የፍሪሲዮን (በካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚይዙት ዲስኮች) መበላትን ያመለክታል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ደግሞ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ በዘይት ማቀዝቀዣው በኩል ገብቷልና መኪናው አንድ እርምጃ እንኳ መነዳት የለበትም፤ አንቱፍሪዙ የፍሪሲዮኖቹን ሙጫ ያላቅቀዋል።

በ54 ወይም በ56 የሚጀምር ቁጥር ማርሹ እንደሚንሸራተት ይጠቁማል፤ ነገር ግን ያነሰ ዘይትም ሆነ የተበላሸ የፍጥነት ሴንሰር ይህንኑ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። ቮልቴጁ፣ ማሳው፣ ሽቦውና ዘይቱ ተስተካክሎ፣ ቁጥሩ ከተሰረዘና መኪናው ከተሞከረ በኋላ ያው ቁጥር ከተመለሰ ችግሩ በእርግጥ ከካምቢዮው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ጋራዥ ሲሄዱ የተመዘገቡትን ቁጥሮች፣ የተለኩትን ቮልቴጆችና ብልሽቱ በብርድ ወይስ በሙቀት እንደሚታይ የሚገልጸውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ።