ጋዝና ውሃ ሲነካኩ የሚሆነውን በኖራ ውሃና በጠላ ጥንስስ ማየት

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ ኬሚስትሪ የምታስተምሩ ወይ የምትማሩ ይቺን ሞክሯት፣ ላብራቶሪ አትፈልግም። ብዙ ሰው የኖራ ውሃ ውስጥ ትንፋሹን ይነፋና ነጣ ብሎ ያቆማል፣ ግን ዋናው ነገር ያመለጠው እዛ ጋ ነው፣ ሪአክሽኑ፣ ማለትም ካርቦንዳይኦክሳይድ ጋዝ ከኖራው ጋር ተዋህዶ ነጭ ካርቦኔት የሚሆንበት፣ የሚጀምረው ጋዙና ውሃው በሚነካኩበት ላይኛው ገፅ ነው።

መጀመሪያ ኖራው። ለግድግዳ ከሚሸጠው ውሰዱና ሎሚ ጠብ አርጉበት፣ ክፉኛ አረፋ ካወጣ አየር ላይ ቆይቶ ካርቦኔት ሆኗልና ተዉት። ውሃ ሲነካው የሚግል ከሆነ ደግሞ ኖራውን በትንሽ በትንሹ ውሃው ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃ እንዳትደፉበት፣ ይፈናጠራል፣ አይን ያጠፋል፣ መነፅርና ጓንት የግድ ነው።

ውሃውን አፍልታችሁ ከድናችሁ አቀዝቅዙ፣ እዚህ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ግን ውስጡ ያለውን ጋዝ ለማስወጣት ይበቃል። በ1 ሊትር የሚሟሟው ኖራ 1.7 ግራም ገደማ ስለሆነ አንድ ማንኪያ ከበቂ በላይ ነው። ኖራውን ከውሃው ጋር አማስላችሁ ሃይላንድ ጢም አርጋችሁ ከድናችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት የጠራውን ብቻ ቅዱ።

አሁን ይሄን የኖራ ውሃ እኩል እኩል አርጋችሁ አንዱን አፈ ጠባብ ጠርሙስ፣ ሁለቱን ሰፊ ሰሃን ላይ አርጉት። ዝም ያላችሁት ሰሃን እንደ ወተት ስልባቦት ያዝ ያረጋል፣ ውስጡ ግን ገና ጥርት ያለ ነው፣ ምክንያቱም ካርቦንዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው አየር ውስጥ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው፣ ገና ሳይዘልቅ ኖራው ላይ ላዩን ይይዘዋል። ሁለተኛውን ሰሃን ቀስ እያላችሁ አማስሉት፣ ስልባቦቱ እየተሰበረ አዲስ ውሃ ወደላይ ስለሚወጣ ቶሎ ይደፈርሳል። ጠርሙሱ ወደኋላ ይቀራል፣ ውሃው እኩል ነው፣ ያነሰው ፊቱ ነው።

ከዛ የጠላው። የሚፈላ ጥንስስ ካለበት ጀሪካን ቀጭን ቱቦ አውጡና ጫፉን ብርጭቆ ውስጥ ከኖራው ውሃ አንድ ጣት ከፍ አርጋችሁ አቁሙት፣ አትንከሩት፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ እዛው ይተኛል። ቱቦው እንዳይዘጋ ተጠንቀቁ፣ ጀሪካኑ ይፈነዳል። አሁን ስልባቦቱ በተራ አየር ከያዘው በጣም ፈጥኖ ይይዛል። ቱቦውን ነክራችሁ ብዙ ካቆያችሁት ግን የነጣው ተመልሶ ሊጠራ ይችላል፣ ካርቦኔቱ ባይካርቦኔት ሆኖ ሟሟ ማለት ነው፣ የጀማ ሸለቆን የኖራ ድንጋይ ዝናብ ውሃ የሚበላውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሰአቱን ስልባቦቱ መታየት ከጀመረበት ያዙ እንጂ ሁሉም እስኪነጣ አትጠብቁ፣ ሶስቱንም እቃ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ፣ የኛ ብርድ አንዱን መስኮት ስር ካገኘው ልዩነቱ የፊቱ ይሁን የቅዝቃዜው አትለዩትም።