ወደ ዊንዶውስ 11 ከማሳደጋችሁ በፊት እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አይተውም፤ የደኅንነት ማሻሻያው ግን እንደ ድሮው አይመጣለትም። ስለዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው «ወደ 11 ልቀይረው እንዴ?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ሰው የሚጎዳው ቀድሞ መደረግ ያለበትን ሲዘል ነው።

ማሳደግንና ፎርማትን አንድ አድርጎ ማየት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጥገና ቤት ሄዶ «ፎርማት አድርግልኝ» ማለት ልማድ ሆኗል። ባለሙያውም የተባለውን ያደርጋል። ማሳደግ ፋይላችሁን ሳይነካ ዊንዶውሱን ይለውጣል። ፎርማት ግን ዊንዶውሱ ያለበትን ሲ የሚባለውን የዲስክ ክፍል ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ የምንላቸው ደግሞ ያሉት እዚያው ሲ ላይ ነው። የልጅ ክርስትና ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ እንዲህ ሲጠፋ ማየት ያማል። ዊንዶውስ ዛሬ ባይሳካ ነገ ይጫናል፤ በሕይወት የሌለ አባት ፎቶ ግን ከየትም አይመጣም።

«ዲ ላይ ገልብጫለሁ» ብላችሁም አትዘናጉ። ብዙ ጊዜ ሲ እና ዲ አንዱ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ ዲስኩ ከተበላሸ ሁለቱም ይሄዳሉ። ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የተወሰኑ ፋይሎችን ክፈቱና እዩ። ሳይከፈት የታመነ ቅጂ አደገኛ ነው። ወሳኝ ሰነዶችን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መላክም ይጠቅማል።

አንድ ፍላሽ ለሁለት ሥራ

የማይክሮሶፍት መጫኛ ማዘጋጃ ፍላሹ ላይ ያለውን በሙሉ ያጠፋል። ፋይላችሁን የገለበጣችሁበትን ፍላሽ ለዚህ እንዳትሰጡት። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ሌላ ፍላሽ አዘጋጁ።

የአማርኛ ፎንቶችን መርሳት

ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ዘመን የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎችና ደብዳቤዎች ዛሬም በየቤቱና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አሉ። እነዚህ ፋይሎች የተጻፉበት ፎንት ከሌለ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆነው ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ካለው ፎንትስ የግዕዞቹን ገልብጡ። የምትጽፉበትን ፕሮግራም መጫኛም አብራችሁ ያዙ። ሱቅ ያላችሁና ሒሳባችሁን በፒችትሪ የምትይዙ ደግሞ ባክአፑን ከፕሮግራሙ ውስጥ ውሰዱ።

«አይ 7 ነው» ብሎ መተማመን

ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከለክል ጥበቃ) እና ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) ይፈልጋል። ከውጭ በገባ ያገለገለ ላፕቶፕ የምንጠቀም ሰዎች በብዛት የምንሰናከለው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ኮር አይ 7 ማለት ሰባተኛ ትውልድ ማለት አይደለም። ትውልዱን የሚነግራችሁ በፕሮሰሰሩ ስም ውስጥ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። 7300 ከሆነ ሰባተኛ ነው፤ 8250 ከሆነ ስምንተኛ። ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከስምንተኛው ወዲህ ያለው ነው የሚፈቀድለት። ፒሲ ኸልዝ ቼክ የሚባለው የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ሁሉንም መርምሮ ይነግራችኋል። «ቲፒኤም የለም» ካለ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፤ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ፣ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

መስፈርቱን የማያሟላ ኮምፒውተር ላይ 11ን በአቋራጭ የሚጭኑ አሉ። እኔ አልመክርም። ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። ለአሮጌ ላፕቶፕ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ሚንት የተሻለ ነው።

የቢትሎከር ቁልፍን አለመያዝ

አንዳንድ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስካቸው ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፏል። ባዮስ ውስጥ የሆነ ነገር ስትነኩ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

መብራትና ኢንተርኔትን ሳያስቡ መጀመር

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ፣ ክረምት ላይ ሰማዩ እያጉረመረመ አትጀምሩ። በተለይ ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ አስቀድማችሁ ሞክሩ። እንደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ባለበት ያላችሁ ሥራውን ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋቱ ጀምሩት፤ ላፕቶፑም አልጋ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

መጫኛው ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በስልክ ሆትስፖት ከጀመራችሁ ፓኬጁ መሀል ላይ ያልቃል። አንድ ሰው ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ በፍላሽ ቢያዘጋጀው ለጎረቤትም ይበቃል። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ «ክራክ» የሆነ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተከፈተ ዊንዶውስ ግን አትቀበሉ፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው ደግሞ ወደ 11 የሚያልፈው በነፃ ነው።

ካለቀ በኋላ ቦታ ለማስለቀቅ መቸኮል

የድሮው ዊንዶውስ ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ፎልደር ይቀመጣል። ካልተመቻችሁ እስከ 10 ቀን ድረስ ከሴቲንግ ውስጥ መመለስ ትችላላችሁ። በእነዚህ ቀናት ፕሪንተሩን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ የአማርኛ ሰነዶቻችሁን አንድ በአንድ ሞክሩ። ፎልደሩን ከዚያ በፊት አታጥፉት።