ፖከርን መተዳደሪያ ለማድረግ ለሚያስቡ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡን ይለዩ

ስቱ አንገር በላስ ቬጋስ የሚካሄደውን የዓለም ፖከር ውድድር ዋና ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1980፣ በ1981 እና በ1997 ያሸነፈ ድንቅ ተጫዋች ነበር፤ ሆኖም ያገኘውን ገንዘብ በስፖርትና በፈረስ ውርርድ እንዲሁም በዕፅ ሱስ ጨርሶ፣ ከመጨረሻው ድሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በ1998 በ45 ዓመቱ በዚያችው ከተማ ሞቶ ተገኘ። ስለዚህ የመጫወቻው ገንዘብ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ፈጽሞ መለየት አለበት። የመግቢያ ገንዘቡ 200 ዶላር በሆነ ጠረጴዛ ለመጫወት ቢያንስ የዚህን ሠላሳ እጥፍ፣ ማለትም 6,000 ዶላር መያዝ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ ሲቀንስ ደግሞ ሳያፍሩ ወደ አነስተኛ ጠረጴዛ ይውረዱ።

ሒሳቡንም ይልመዱ። በጠረጴዛው መሃል 100 ዶላር ተከማችቶ ተጋጣሚዎ 50 ቢጨምር፣ 150 ለማግኘት 50፣ ማለትም ከጠቅላላው 200 ሩቡን፣ እየከፈሉ ስለሆነ፣ የማሸነፍ ዕድልዎ ከ25 በመቶ በታች ከሆነ ካርድዎን መጣል ይሻላል።

የተጫወቱበትን ቀን፣ ሰዓትና ውጤት ሁልጊዜ ይመዝግቡ። በካዚኖ ጠረጴዛ በሰዓት 30 ዙር ገደማ ብቻ ስለሚካሄድ፣ የአንድ ወር ትርፍ ችሎታን አያረጋግጥም፤ እኔ ከ1,000 ሰዓት ያነሰ መዝገብ ይዞ መደበኛ ሥራውን የሚለቅ ሰው ቸኩሏል እላለሁ።

የሚነሡበትንም ሰዓት ከመቀመጥዎ በፊት ይወስኑ፤ የተቆጣ ሰው የጠፋበትን ለማስመለስ ሲል ከሁሉ የከፋውን ውሳኔ የሚወስነው ሌሊቱ ሲገፋ ነውና።