«የናንተ መጽሐፍ ቅዱስ ለምን 81 ሆነ?» ለሚል እንግዳ እንዴት እንመልስ

ጎንደር ውስጥ እንግዳ እያስጎበኘ ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። እንግዳው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ የጣሪያውን መላእክት አንጋጦ ሲያይ ይቆያል። ከዚያ አንገቱን እያሻሸ «ቆይ ግን፣ የናንተ መጽሐፍ ቅዱስ ከኛ ለምን በለጠ?» ይላል። ወጣት ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ከሁለት አንዱን ይመልሳሉ። አንዱ «የኛ ሙሉው ነው፣ እናንተ ቀንሳችሁት ነው» ይልና ጠብ ይጭራል። ሌላው «በኒቅያ ጉባኤ ተወሰነ» ብሎ ይገላገላል። የመጀመሪያው ቲፕ ያስቀራል። ሁለተኛው ደግሞ ሐሰት ነው።

እኔ ወደ አስጎብኚነት የመጣሁት ከቆሎ ተማሪነት ነው። ስለዚህ ነገሩ ለኔ የእንጀራም የልብም ጉዳይ ነው። እኔ እንዴት እንደምመልስ ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እንግዳው የሚያውቀው እሱን ነዋ።

መጀመሪያ እሱን ጠይቁት

ከመመለሳችሁ በፊት «የናንተስ ስንት ነው?» በሉት። 66 ካለ ፕሮቴስታንት ነው። 73 ካለ ካቶሊክ። 24 ካለ አይሁዳዊ ነው። «ቆጥሬው አላውቅም» የሚሉም ሞልተዋል፤ እነሱ ጋር ሥራው ይቀላል፣ የሚከራከሩበት ነገር የላቸውም።

24 ያላችሁ ሰው ላይ ቆም በሉ። ብዙ ሰው የአይሁድ መጽሐፍ ከፕሮቴስታንቱ ብሉይ ኪዳን በ15 ያነሰ ይመስለዋል። ብዕር አውጡና አብራችሁት ቁጠሩ። አይሁድ ሳሙኤልን፣ ነገሥትን፣ ዜና መዋዕልን እያንዳንዱን እንደ አንድ ይቆጥራሉ። ዕዝራና ነህምያም አንድ ናቸው። ከሆሴዕ እስከ ሚልክያስ ያሉት አሥራ ሁለቱ ነቢያት በአንድ ጥቅል ተጽፈው አንድ ይባላሉ። እነዚህን ስትበትኗቸው 24ቱ 39 ይሆናሉ። አንድም ቃል አልተጨመረም። እንግዳችሁ ይህን በገዛ እጁ ሲቆጥር ካየ በኋላ ቁጥር ላይ መጨቃጨቁን ይተዋል። እኔ ለዚሁ ብዬ ኪሴ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አላጣም።

ሰብሰብ ብሎ የወሰነ ማንም የለም

የምትናገሩት ዋናው ነገር ይኼ ነው። ሰው ሁሉ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ቀን፣ አንድ የእጅ ማውጣት ይፈልጋል። እንደዚያ አልነበረም። መጽሐፎቹ ቀድመው በየጉባኤው ተነበቡ፣ ተጸለየባቸው፣ ተጠቀሱ። ዝርዝሩ የመጣው ኋላ ነው። እድርም ቢሆን መዝገብ የሚያወጣው ሰው እርስ በርሱ መቀባበር ከጀመረ በኋላ አይደል?

ከአይሁድ ጀምሩ። ቀድማ የጸናችው ኦሪት ናት። ቀጥሎ ነቢያት። ሦስተኛው ክፍል፣ መዝሙርና ምሳሌ፣ ኢዮብና አስቴር ያሉበት፣ ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ቆይቷል። የሲራክ የልጅ ልጅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ132 ዓ.ዓ. ገደማ የአያቱን መጽሐፍ ወደ ግሪክ ሲመልስ በመቅድሙ ላይ ሕግን፣ ነቢያትንና «ሌሎቹን» መጻሕፍት ይጠቅሳል። ሦስተኛዎቹ ገና የቆረጠ ስም አልነበራቸውም። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ብለን የምናውቀው ሳይሆን የመጀመሪያው መቶ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ (ፈረንጆች ጆሴፈስ የሚሉት) 22 ብሎ ይቆጥራል። በዚያው ዘመን ገደማ የተጻፈው የኛው ዕዝራ ሱቱኤል ደግሞ ስለ 94 መጻሕፍት ይናገራል፤ 24ቱ ለሁሉም የሚነበቡ፣ 70ው ለጠቢባን የሚቀመጡ። ይህን ለአይሁዳዊ እንግዳ ስነግረው ሁሌም ይገርመዋል። እሱ የሚያውቀውን 24 የሚመሰክርለት መጽሐፍ በሱ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ በኛ ውስጥ አለ።

«ያምኒያ ላይ በ90 ዓ.ም. ተወሰነ አይደል?» የሚል የተማረ እንግዳ ይገጥማችኋል፤ ያምኒያ የአይሁድ ሊቃውንት የሚሰበሰቡባት ከተማ ነበረች። ይህን ሐሳብ በ1871 ያቀረበው ሃይንሪክ ግሬትስ የተባለ የታሪክ ምሁር ነው። ለመቶ ዓመት ያህል መጽሐፍ ሁሉ ደገመው። ዛሬ አብዛኞቹ ምሁራን ትተውታል። በያምኒያ ሊቃውንቱ መከራከራቸው እውነት ነው፤ መኃልየ መኃልይና መክብብ ቅዱሳን ናቸው አይደሉም ብለው። ክርክሩ ግን ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ረቢ አኪባ «መጻሕፍት ሁሉ ቅዱሳን ናቸው፣ መኃልየ መኃልይ ግን ቅድስተ ቅዱሳን ናት» ያለውም በዚሁ ክርክር ነው።

እኔ የምወደው ግን የሕዝቅኤልን ነገር ነው። የሕዝቅኤል መጽሐፍ ከኦሪት ጋር የሚጋጭ መስሎ ስለታየ ሊቃውንቱ ሊሸሽጉት ደርሰው ነበር። የሕዝቅያስ ልጅ ሐናንያ 300 ማድጋ ዘይት ይዞ ሰገነት ላይ ወጣ። እዚያ ተቀምጦ መጽሐፉን ከኦሪት ጋር እስኪያስማማው ድረስ አልወረደም። ይህን የሚተርከው ታልሙድ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ክርክር የተጻፈበት መጽሐፍ ነው። በኩራዝ ብርሃን ያጠና ሰው ይህ ታሪክ አንጀቱን ይበላዋል። መጽሐፉ የተረፈው በድምፅ ብልጫ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስላጠናው ነው። የኛ የአንድምታ መምህራንም እዚሁ ጎንደር ላይ ቤት፣ ታች ቤት ተባብለው አንድ ቃል ላይ ሲከራከሩ የኖሩት በዚሁ መንፈስ ነው።

ኒቅያን ከአፋችሁ አውጡ

ኒቅያ በ325 የተሰበሰበው በአርዮስ ነገር ነው። የመጻሕፍትን ዝርዝር አልወሰነም። ይህን ወሬ ልብ ወለድና ፊልም አሰራጨው፤ እኛ ደግሞ አናግዘው።

የሐዲስ ኪዳን ነገር ረጅም ነው። ለእንግዳ ግን በአራት ሰው ይነገራል። በ144 ገደማ ሮም ላይ መርቅያን ብሉይን በሙሉ ጥሎ፣ ከወንጌል ሉቃስን ብቻ፣ እሱንም ቆራርጦ፣ ከጳውሎስ 10 መልእክታት ጋር ይዞ ተነሣ። የሱ አጭር ዝርዝር ሌላውን «እኛስ የምናነበው የትኛውን ነው?» አሰኘው። በ180 ገደማ ኢሬኔዎስ ወንጌል አራት ነው፣ አይጨመርም አይቀነስም አለ። አውሳብዮስ በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መጻሕፍቱን ሁሉም የተቀበላቸው፣ የሚያከራክሩና የተጣሉ ብሎ ለያቸው። የያዕቆብ፣ የይሁዳ፣ ሁለተኛ ጴጥሮስ መልእክታት ከሚያከራክሩት ወገን ነበሩ። ከዚያ በ367 የእስክንድርያው አትናቴዎስ በፋሲካ መልእክቱ ላይ ዛሬ የምናውቃቸውን 27 በስም ዘረዘረ። በኋላ በሰሜን አፍሪካ የሂጶ (393) እና የካርታጎ (397) ጉባኤያት ተመሳሳይ ዝርዝር አጸደቁ። ያም ሆኖ ነገሩ አላለቀም። ፔሺታ የሚባለው የሶርያውያን መጽሐፍ ቅዱስ ከሐዲስ 22 ብቻ ይዞ ነበር፤ የዮሐንስ ራእይም በምሥራቅ ብዙ ዘመን ሲጠረጠር ኖረ።

አትናቴዎስ ላይ ስትደርሱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ የላከልን እሱ ነው። የሱ ዝርዝር ውስጥ ግን ሄኖክ የለም። አስቴርም ከዋናዎቹ ውጭ ናት፤ ለንባብ ከሚጠቅሙት መድቧታል። አባታችን ያልዘረዘረውን ልጆቹ ይዘን ቀረን ማለት ነው። «አልታዘዛችሁትም?» ብሎ የሳቀ እንግዳ ነበረኝ። እኔም ሳቅሁ።

66 እና 73 ስለምን ተለያዩ

ይኼን ባጭሩ እለፉት። የጥንት ክርስቲያኖች ብሉይን ያነበቡት በአብዛኛው በግሪክ፣ እኛ የሰብአ ሊቃናት ትርጉም በምንለው ነው። እዚያ ውስጥ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ሲራክ፣ ጥበብ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ጄሮም በዕብራይስጥ የሌሉትን ለይቶ ዝቅ ሊያደርግ ፈለገ፤ አውግስጢኖስ አይሆንም አለ። ሉተር በ1534 መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አልጣላቸውም፤ በብሉይና በሐዲስ መካከል ለብቻ አስቀመጣቸው። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1546 በትሬንት ጉባኤ ላይ ከዋናዎቹ ናቸው ብላ አወጀች። ጨርሰው ከጥራዙ መውጣታቸው የኅትመትና የገንዘብም ነገር አለበት። የእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1826 እነዚህን ለያዘ ኅትመት ገንዘብ አላወጣም ብሎ ወሰነ። በ1840 የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያሳተመው ይኸው ማኅበር ነው። አያቶቻችን ቤት የምናየው ባለ 66 የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ?

81ን ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ

«81 ስትል እስቲ ቁጠርልኝ» የሚል አይጠፋም። አቆጣጠሩ ሁለት መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ። አንደኛው ብሉይን 46፣ ሐዲስን 35 ያደርጋል። 35 የሚሆነው በ27ቱ ላይ አራቱ የሲኖዶስ መጻሕፍት፣ ሁለቱ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ ሲጨመሩ ነው። ሁለተኛው ሐዲስን 27 ትቶ ብሉይን 54 ያደርሰዋል። ድምሩ አንድ ነው። ፍትሐ ነገሥትም 81 ይላል፤ ስም በስም ስትቆጥሩት ግን ከዚያ ያንሳል። ሊቃውንቱ 81 የምትለዋን ቁጥር አጥብቀው ይዘው፣ ውስጧን በተለያየ መንገድ ሞሏት። ይህን መናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ አይሁድም 22 እና 24 ሲሉ ኖረዋል።

ካቶሊክ እንግዳ ሲኖር ሁለት ወጥመድ አለ። የነሱም ብሉይ 46 ነው። «እንግዲያ አንድ ነን» እንዳትሉ፤ ቁጥሩ ገጠመ እንጂ መጽሐፎቹ አይገጥሙም። ሌላው መቃብያን ነው። የኛ ሦስቱ መቃብያን በስም እንጂ በታሪክ ከነሱ ጋር አንድ አይደሉም። ስለ ይሁዳ መቃቢስ ጦርነት ሊያወራችሁ የሚጀምር እንግዳ አለ፤ ቶሎ ንገሩት።

ቁስቋም ውሰዱት

አሁን ከጣሪያው ሥር ወጥታችሁ ባጃጅ ያዙ። የመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ በቃል ብቻ ከሚነገር በእቴጌ ምንትዋብ ደብር፣ ቁስቋም ላይ ቢነገር ይሻላል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። ቁስቋም ተቀመጠ፤ ፈንጣጣ የገባበትን የቤተ መንግሥት ቤተሰብ አከመ፤ ከእቴጌይቱና ከልጃቸው ከወይዘሮ አስቴር ጋር ተወዳጀ። ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። አንዱ ፓሪስ ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። አውሮፓ ሄኖክን በይሁዳ መልእክት በተጠቀሰው ቃልና በግሪክ ቁርጥራጭ ብቻ ነበር የሚያውቀው። በሙሉ የተረፈው በግዕዝ ነው። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው።

እንግዳው «ታዲያ እናንተ የጻፋችሁት ቢሆንስ?» ካለ ቁምራንን ጥቀሱለት። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅሎች መካከል ሄኖክ በአራማይስጥ፣ ኩፋሌ በዕብራይስጥ፣ እያንዳንዳቸው በብዙ ቅጂ ቁርጥራጭ ተገኝተዋል። አስቴር ግን እዚያ አልተገኘችም። እነዚያ ሰዎች ኩፋሌን ከአስቴር ይልቅ ሳያነቡት አልቀሩም። ሄኖክ መነበቡ በአይሁድ ዘንድ ቀረ፣ በግሪኮችና በሮማውያን ዘንድ ቀረ፣ እዚህ ግን መነበቡን አላቆመም።

ከእስራኤል ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችውን ወለቃን አትዝለሉ። ከከተማ በስሜን መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ቤተ እስራኤል ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነበር፤ ኦሪት ሲሉም እንደኛው ብሔረ ኦሪት ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ጨምረው ስምንት ያደርጓታል። ታልሙድ አልነበራቸውም። ኩፋሌንና ሄኖክን ግን ያውቋቸዋል። ቤተሰቧ ከአምቦበር የሄደ አንዲት እንግዳ «ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ 24 ነው፣ አያቴ ግን ስለ ኩፋሌ ታወራ ነበር» ብላኛለች። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲገጥማችሁ እናንተ ዝም በሉና እሷ ትናገር።

«የቱ ነው ትክክለኛው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እኔ «እኔ ያደግሁት በ81ዱ ነው» እላለሁ፤ እዚያ ላይ አቆማለሁ። የእምነት ክርክር ከፈለገ ከመምህር ጋር አገናኙት። አሮጌ ብራና ማየት ከፈለገ ደግሞ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቁ፣ የዕቃ ቤቱን ጠባቂ በአክብሮት ጠይቁ። «አይሆንም» ካሉ አትጨቅጭቁ። ከፈቀዱ መጽሐፉን የሚገልጡት እሳቸው ናቸው፤ እንግዳው እጁን አይሰድም፣ ፍላሽም አይበራም። ለሙዳየ ምጽዋቱ የሚሰጠውንም ቀድማችሁ ንገሩት፣ በር ላይ እንዳይወዛገብ።