ለቤት አኳሪየም ካኒስተር ማጣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ቤቶች

አንድ ጠዋት ደሴ ቤቴ ውስጥ መብራት ሲመጣ ከማጣሪያው ቱቦ የወጣው ውሃ የሻይ መልክ ነበረው። ሽታው የገማ እንቁላል ነው። መብራቱ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሄዶ የተመለሰው ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ቀትር ሳይሆን ጋፒ ከሚባሉት 11 ትንንሽ ዓሣዎቼ 7ቱ ሞቱ። ማጣሪያው አልተበላሸም፤ ሞተሩ እንደ ወትሮው ድምፁን አጥፍቶ ይሠራ ነበር። እኔ ግን ስገዛው ያየሁት ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጎረቤትም ማጣሪያ ስመርጥ ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ውስጡ ስንት ሊትር መሙያ፣ ማለትም ውሃውን የሚያጠሩ ስፖንጅና ሴራሚክ፣ ይይዛል? መብራት ሄዶ ሲመለስስ ምን ያደርጋል?

ካኒስተር ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ክዳኑ በደንብ የሚታሸግ፣ ባልዲ የሚያህል ዕቃ ነው፤ ከአኳሪየሙ ሥር ካቢኔ ውስጥ ይቀመጣል። በአንድ ቱቦ ውሃ ይወርድበታል፣ ውስጡ ባሉት ስፖንጅና ሴራሚክ መሃል ያልፋል፣ ከዚያ ክዳኑ ላይ ያለው ሞተር በሌላ ቱቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ቆሻሻውን ስፖንጁ ይይዛል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞንያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ በጣም ወደቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ስለዚህ ማጣሪያ ስትገዙ ለባክቴሪያ ቤት እየገዛችሁ ነው።

1. ውሃውን ለኩ

የመስታወቱን፣ ማለትም ዓሣው የሚኖርበትን የመስታወት ሳጥን፣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር ለክታችሁ አባዙና ለ1000 አካፍሉ። 100 በ40 በ50 የሆነ መስታወት 200 ሊትር ይመጣል። ግን ማንም እስከ አፉ አይሞላውም፣ ጠጠርና ድንጋዩም ቦታ ይወስዳል። ትክክለኛው ውሃ 165 ሊትር ገደማ ቢሆን ነው። ሒሳቡን በዚህኛው ሥሩ።

2. ዓሣውን እዩ

ጋፒ፣ ሞሊና ኤንጀልፊሽ ላለበት ቤት ውሃው በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ በማጣሪያው ቢያልፍ በቂ ነው። ጎልድፊሽና ኦስካር ብዙ ይበላሉ፣ ብዙ ያቆሽሻሉ፤ ለእነሱ ወደ 8 እና 10 ጊዜ ከፍ ማድረግ ይገባል። ቤታ ደግሞ ረጅም ክንፉ ከኃይለኛ ፍሰት ጋር አይስማማም። ይደክማል፣ ጥግ ይዞ ይቀራል።

ለደሴ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ውሃ የሚይዘውም ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ወለል ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 6 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ከውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ «ለዚህ መስታወት ይህን ያህል ዓሣ» ሲላችሁ ይህን አስታውሱና ቀነስ አድርጉ። ሲገዛም የመመለሻ ቱቦው ጫፍ ላይ ውሃውን እንደ ሻወር የሚረጭ ባለ ቀዳዳ ዘንግ ያለውን ማጣሪያ ምረጡ። ዘንጉን ከውሃው ወለል ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስትገጥሙት ውሃው አየር ይዞ ይወርዳል።

3. የካርቶኑን ቁጥር ቀንሱ

ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋሼ የምላቸው፣ ካርቶኑን ይዘው «ሁለት ሺህ ይላል እኮ ልጄ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» አሉኝ። ክዳኑን ከፍተን አየን። ሞተሩ ትልቅ ነው፤ መሙያው የሚቀመጥባቸው ቅርጫቶች ግን ሁለት ብቻ፣ ያውም ስስ። ውሃው እየሮጠ ያልፋል፣ የሚያርፍበት ቦታ የለም።

ካርቶኑ ላይ በሰዓት ይህን ያህል ሊትር ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ማጣሪያው ባዶ ሆኖ የተለካ ነው። መሙያው ሲገባ፣ ቱቦው ሲረዝም፣ ስፖንጁ ቆሻሻ ሲይዝ ከሩብ እስከ ግማሽ ድረስ ይወርዳል። 165 ሊትር ውሃ በሰዓት 5 ጊዜ እንዲያልፍ 825 ሊትር ያስፈልገናል፤ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 1,200 እስከ 1,400 የሚለውን ፈልጉ። ፍሰቱ ከበዛ በቧንቧው ማሳነስ ይቻላል። ከሁለት አንዱን ምረጡ ብባል ግን ሞተሩ አነስ፣ ሆዱ ሰፋ ያለውን እወስዳለሁ። ለምሳሌ የጀርመኑ ኢሃይም 2213 በሰዓት 440 ሊትር ብቻ የሚገፋና 8 ዋት የሚበላ ነው፤ ለትንሽ መስታወት ብዙ ሰው ዓመታት የኖረበት ዕቃ ነው።

4. መብራቱን አስቡ

መጀመሪያ ከማጣሪያው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። እኛ አገር 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው 110 ቮልት ከሆነ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ብዙ ዕቃ የሚመጣው ከሳውዲ ነው፤ የሳውዲ መብራት 60 ሄርትዝ ነው። እነዚህ ሞተሮች በመብራቱ ምት ስለሚዞሩ ለ60 ብቻ የተሠራው እዚህ ዝግ ይላል፣ ሊግልም ይችላል። «50/60» የሚል ከተጻፈበት አብሽሩ።

ፍጆታው አያስፈራም። 20 ዋት የሆነ ማጣሪያ ቀንና ሌሊት ሠርቶ በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ደሴ ላይ ቆጣሪ የሚያዞረው የውሃ ማሞቂያው ነው። 200 ዋት የሆነው የቀኑን ግማሽ ብቻ ቢሠራ በወር 72 ይደርሳል።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ማጣሪያው ሲቆም ውስጡ ያለው ውሃ ታሽጎ ይቀራል። ባክቴሪያዎቹ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱና መሞት ይጀምራሉ፣ የተከማቸው ቆሻሻም ይበሰብሳል። መብራት ሲመጣ ሞተሩ ያንን ሁሉ አንድ ላይ ዓሣው ላይ ይደፋዋል። አንድ ሁለት ሰዓት ቢሆን ችግር የለም። ሦስት አራት ሰዓት ካለፈ ግን ማጣሪያውን ከሶኬት ንቀሉ፣ ቧንቧዎቹን ዝጉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ የውስጡን ውሃ ድፉ። መሙያውን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አለቅልቁና መብራቱ እስኪመጣ ሰፊ ሳህን ላይ በጥቂት ውሃ እርጥብ አድርጋችሁ አኑሩት። አየር እንዲያገኝ ሙሉ በሙሉ አትድፈቁት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካላችሁ መስታወቱ ውስጥ ክተቱ። ሌሊት ከሄደ ከመተኛታችሁ በፊት መንቀሉን ብቻ እንኳ አትርሱ።

ይህ ሁሉ ምርጫውን ይወስናል። ቅርጫቶቹ አንድ በአንድ በእጀታ የሚወጡ፣ ክዳኑ ያለ ትግል የሚከፈት፣ ውሃ ለማስጀመር የሚጫኑት እጀታ ያለው ማጣሪያ ለእኛ አገር ቅንጦት አይደለም። ቱቦውን በአፍ ስቦ የጀመረ ያውቀዋል። በተረፈ መብራቱ ሲመጣ ከፍና ዝቅ ስለሚል እንደ ፍሪጅ በስታቢላይዘር በኩል ብታገናኙት ሞተሩ ይቆያል።

5. ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ፈትሹ

ክዳኑን አንሡና ዙሪያውን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት በጣት እየዳበሳችሁ ሂዱ። ለስላሳና እርጥበት ያለው የሚመስል መሆን አለበት፤ ከደረቀ ወይም ስንጥቅ ካለው ሌሊቱን ምንጣፋችሁ ይረጥባል። ሁለቱም ቱቦዎች የየራሳቸው መዝጊያ ይኑራቸው፣ አለዚያ ለእጥበት በነቀላችሁት ቁጥር ውሃው ይወርዳል። ከዚያ ኢምፔለሩን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የምትሽከረከረዋን ትንሽ ማግኔት ከነምላጯ፣ አውጡና የተሰካችበትን ዘንግ እዩ። ዘንጉ ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል። መለዋወጫው፣ ቢያንስ ኢምፔለሩና የጎማው ቀለበት፣ አብሮ ሊመጣ ካልቻለ ርካሹም ውድ ነው። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ሁለቱን በዚያው ዕለት እዘዙ። የቱቦውን ውፍረትም ለኩ፤ መደበኛ ልክ ከሆነ ቢሰነጠቅ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ግልጽ ቱቦ ተቆርጦ ይተካል።

6. መሙያው

አቀማመጡ በውሃው መንገድ ነው። ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው ሻካራ ስፖንጅ፣ ቀጥሎ ደቃቅ ስፖንጅ፣ በመጨረሻ ሴራሚኩ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሴራሚኩ በጭቃ ይደፈናል። ለማጣሪያ ተብሎ የሚሠራው ከሰል የዓሣ መድኃኒትን ከውሃ ለማውጣት ይጠቅማል፤ ሁልጊዜ የግድ አይደለም።

ሴራሚክ ካጣችሁ ግቢና መንገድ ላይ የሚደፋው ቀዩ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ፣ ሬድ አሽ የምንለው፣ እጅግ ጥሩ ምትክ ነው። እሳተ ገሞራ የወለደው ስለሆነ ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ከባቄላ እስከ ትንሽ ሎሚ የሚያህለውን ልቀሙ። ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበትና ከተንፈቀፈቀ ኖራ አለበት፣ ተዉት። የተረፈውን ባልዲ ውስጥ እያሻሻችሁ እጠቡ። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ሸክላ ጭቃ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ የእኔ የጠራው በዘጠነኛው እጥበት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ የቀረው ዱቄት ኢምፔለሩን ይበላዋል። ከዚያ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አትጠቀሙ፤ እሳት እንዳይዘው ኬሚካል የተነከረ ሊሆን ይችላል።

7. ግጠሙ፣ ግን መጀመሪያ ባልዲ ላይ

ማጣሪያውን ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሁለቱን ቱቦ ጠረጴዛ ላይ ባለ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ክተቱና አንድ ሙሉ ቀን አሠሩት። ሳፋው ደረቅ ሆኖ ካደረ ወደ ካቢኔው ይግባ። በዚህ ጊዜ ሶኬቱን ነቅላችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሱት። ራሱ ተነሥቶ ውሃ ከገፋ ጥሩ ነው። አየር ይዞ እየጮኸ ከቀረ ወደ ሱቁ መልሱት፣ እናንተ በሌላችሁበት ሰዓትም ያንኑ ያደርጋል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ዲቫይደሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይውረድ፤ በገመዱ የሚንሸራተት ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ትንንሽ ዓሣ ካላችሁ ውሃ ወደ ማጣሪያው የሚወርድበት ቱቦ አፍ ላይ ስፖንጅ አጥልቁ።

8. ከዚያ በኋላ

አዲስ ማጣሪያ በአንድ ቀን አይሠራም። ባክቴሪያው ቤቱን እስኪሞላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ በደሴ ብርድ ማሞቂያ ከሌለ ከዚያም ይዘገያል። ጥቂት ዓሣ ብቻ አስገቡ፣ በትንሹ መግቡ። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጎረቤት ካለ የቆሸሸ ስፖንጁን ለምኑ፤ አዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ብትከቱት ጊዜው በብዙ ያጥራል። እኔም ለጋሼ ከእኔ ማጣሪያ አንድ ጭብጥ ሬድ አሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ድረስ ይዤ ወርጃለሁ።

እጥበት በየወር ተኩል ወይም በየሁለት ወሩ፣ ፍሰቱ ሲዳከም። መሙያውን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ብቻ፣ ዝም ብሎ ማለቅለቅ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጠቡ፣ ዛሬ ስፖንጁን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴራሚኩን። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ኢምፔለሩም ይይዛል፤ ለብቻው አውጥታችሁ ኮምጣጤ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈትጋችሁ በደንብ አለቅልቁት። ክዳኑን ስትመልሱ የጎማውን ቀለበት ሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። ቫዝሊን ጎማውን ሊያሳብጠው ስለሚችል አይሆንም።