የብራና ምስሎችን የፋይል ስም ወደ ኤክሴል ማስገባት

ከደብረ ማርቆስ ወይም ከሞጣ ተነሥቶ ወደ አንድ ደብር የሄደ፣ የሰበካ ጉባኤውን ፈቃድ ያገኘና ቄሰ ገበዙ ከዕቃ ቤት ያወጡለትን የብራና መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሣ ሰው በአንድ ቀን ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች በላፕቶፑ ላይ ይከማቹበታል። የትኛው ፋይል የትኛውን ገጽ እንደያዘና የጎደለ መኖር አለመኖሩ ካልታወቀ ግን ያ ሁሉ ድካም ለተመራማሪም ሆነ ለደብሩ ብዙም አይጠቅምም። ለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የፋይሎቹን ስም በሙሉ በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ማስፈር ነው። ስሞቹን እያዩ በእጅ መጻፍ ጊዜ ከመፍጀቱም በላይ አንድ ዜሮ የተዘለለበት ስም ከፋይሉ ጋር ስለማይገናኝ ዝርዝሩን ያበላሸዋል። ከዚህ በታች የቀረቡት መንገዶች ዝርዝሩን ከራሱ ከኮምፒውተሩ የሚያወጡ ናቸው፤ ኢንተርኔትም ስለማይፈልጉ መጽሐፉ ወደ ማኅደሩ ሳይመለስ እዚያው ደብሩ ግቢ ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሊሠሩም ይገባል።

ዝርዝር ከማውጣት በፊት ስያሜውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ የሰጠውን ባለ አራት አኃዝ ተከታታይ ቁጥር እንዳለ መተውና የመጽሐፉን ማንነት በፎልደሩ ስም ላይ ማኖር ከሁሉ የተሻለ ነው እላለሁ፤ አንድ መጽሐፍ አንድ ፎልደር ይኑረው፣ ፎልደሩም በቁጥር ይጀምር፤ ለምሳሌ «01_ድጓ»፣ «02_ተአምረ_ማርያም» እየተባለ ይሰየም። አንድ ደብር ሁለት ሦስት ድጓ ሊኖረው ስለሚችል ርእስ ብቻውን መለያ አይሆንም። በ1960ዎቹ ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ሰጥቶ ስለነበር ተመራማሪዎች ዛሬም መጽሐፉን የሚጠቅሱት በዚያ ቁጥር ነው።

በፎልደር ስም ላይ የአማርኛ ጸሐፊን በተለይ የሚያስቸግረው እዝባር (/) ነው። ዊንዶውስ በስም ውስጥ የማይቀበላቸው ዘጠኝ ምልክቶች / \ : * ? " < > | ሲሆኑ፣ ከእነዚህ የመጀመሪያው እኛ ለምኅጻረ ቃል ዘወትር የምንጠቀምበት ነው። ስለዚህ «ቅ/ጊዮርጊስ» ወይም «ደ/ወርቅ» ብሎ መሰየም አይቻልም፤ ቃሉን ሙሉ በሙሉ መጻፍ ይገባል። ሁለቱ ነጥብ (፡) ግን ከኮለን የተለየ የግእዝ ምልክት ስለሆነ ዊንዶውስ ይቀበለዋል፤ ይሁን እንጂ በዓይን ከኮለን ጋር ስለሚመሳሰል በኋላ ፈልጎ ለማግኘት ያስቸግራልና ቢቀር ይሻላል። እንደዚሁም ኮምፒውተሩ «ሥዕል»ንና «ስእል»ን፣ «ዐ»ንና «አ»ን ፍጹም የተለያዩ አድርጎ ስለሚያያቸው አንዱን አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው በእርሱ መጽናት ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ፎልደሩን ይክፈቱና ፋይሎቹን በስም ቅደም ተከተል ያድርጓቸው። ኮንትሮልን ይዘው «ኤ» (A) የሚለውን ቁልፍ በመጫን ሁሉንም ይምረጡ። በዊንዶውስ 10 ከሆነ ሺፍትን እንደያዙ በመጀመሪያው ፋይል ላይ የማውዙን ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ኮፒ አዝ ፓዝ» የሚለውን ይምረጡ፤ በዊንዶውስ 11 ይኸው ትእዛዝ ሺፍት ሳይያዝ ይገኛል። ቀኝ ቁልፉን የግድ በመጀመሪያው ፋይል ላይ መጫን ያስፈለገው ዝርዝሩ ከተጫነው ፋይል ስለሚጀምር ነው፤ መሃል ላይ ከተጫነ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። ቀጥሎ ባዶ ኤክሴል ይክፈቱ፤ በአንደኛው ረድፍ ላይ የዓምዶቹን ርእስ ይጻፉና ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ኮንትሮልና ቪን በመጫን ይለጥፉ። እያንዳንዱ ፋይል ከነሙሉ አድራሻውና ከትእምርተ ጥቅሱ ጋር በየራሱ ረድፍ ይሰፍራል።

ይህን የመጀመሪያ ዓምድ ሳይነኩት እንዳለ ይተዉት። የካሜራ ቁጥር 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ስለሚጀምር በሁለት ፎልደሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ልዩ ልዩ ገጾች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚለያቸው ሙሉው አድራሻ ብቻ ነው። ለስሙ ሁለተኛ ዓምድ ያዘጋጁ፤ መጀመሪያ ዓምዱን በሙሉ መርጠው በ«ፎርማት ሴልስ» በኩል ዓይነቱን «ቴክስት» ያድርጉት። ይህ ሳይደረግ ቢቀር ስካነር «0001» ብሎ የሰየመውን ኤክሴል 1 ያደርገዋል፣ «12-3» የሚለውንም ወደ ቀን ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ስም ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ከዚያ በኋላ አድራሻዎቹን ከመጀመሪያው ዓምድ ቀድተው እሴታቸውን ብቻ በሁለተኛው ላይ ይለጥፉ።

ሁለተኛው ዓምድ እንደተመረጠ ኮንትሮልና ኤችን ይጫኑ። በላይኛው ሳጥን ውስጥ *\ ብለው ይጻፉ፤ የታችኛውን ባዶ ይተዉትና «ሪፕሌስ ኦል» የሚለውን ይጫኑ። ኮከቡ «ማንኛውም ፊደል፣ በማንኛውም ብዛት» ማለት ስለሆነ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ያዘመመ እዝባር (\) ድረስ ያለው አድራሻ በሙሉ ተጠርጎ የፋይሉ ስም ብቻ ይቀራል። በመቀጠል የላይኛውን ሳጥን በ" ይለውጡና በመጨረሻ የቀረውን ትእምርተ ጥቅስ በተመሳሳይ መንገድ ያጥፉ። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዓምዱ ሳይመረጥ አንድ ሴል ብቻ ተመርጦ ከሆነ ትእዛዙ በመላው ሰንጠረዥ ላይ ይፈጸምና ያቆየነውን ሙሉ አድራሻም ይጠርገዋል። እንዲህ ከሆነ ሌላ ነገር ሳይነኩ ወዲያውኑ ኮንትሮልና ዚን መጫን ነው።

የዝርዝሩ ትልቁ ጥቅም የጎደለውን መግለጡ ነው። የስሙን ዓምድ በስተቀኝ ወዳለ ባዶ ዓምድ ይቅዱ፤ በዚያኛው ዓምድ ላይ ብቻ .* የሚለውን በባዶ በመተካት ከነጥቡ ወዲያ ያለውን ያጥፉ። ከዚያም በ«ዳታ» ሥር «ቴክስት ቱ ኮለምንስ» የሚለውን መርጠው ከታች ባለው ሰረዝ (_) ላይ እንዲከፈል ያድርጉ፤ ቁጥሩ በራሱ ዓምድ ይወጣል። ቀጥሎ ባለው ባዶ ዓምድ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ = ጽፈው የዚያን ረድፍ ቁጥር ይንኩ፤ የመቀነስ ምልክት ጨምረው ከበላዩ ያለውን ቁጥር ይንኩና ኢንተርን ይጫኑ፤ ቀመሩንም እስከ ታች ይጎትቱት። ውጤቱ በሙሉ 1 መሆን አለበት። 2 የሚታይበት ቦታ ካለ ከበላዩ ባለው ፋይልና በእርሱ መካከል አንድ ፋይል ጠፍቷል ማለት ነው፤ ወይ ከሜሞሪ ካርዱ ሲቀዳ ቀርቷል፣ ወይ በስሕተት ተሰርዟል። ቀኑንና ሰዓቱን ስም አድርገው በሚያስቀምጡ ስልኮች ላይ ግን ቁጥሩ ተከታታይ ስላልሆነ ይህ ማጣሪያ አይሠራም።

ቁጥሩ ሳይቋረጥ ፎቶ አንሺው ራሱ ሁለት ቅጠል በአንድ ላይ ገልጦ ሊያልፍ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ይህን የሚይዘው ቆጠራ ብቻ ነው። የመጽሐፉ ቅጠሎች ከቄሰ ገበዙ ጋር በእጅ ይቆጠሩ፤ ለምሳሌ 112 ቅጠል ያለው መጽሐፍ ገጹ ለየብቻ ከተነሣ 224፣ የሁለቱ ገበታዎች (የፊትና የኋላ ሽፋኖች) ውጫዊ ገጽታ ሲጨመር 226 ምስል ሊኖረው ይገባል። የስሙ ዓምድ ሲመረጥ ኤክሴል በመስኮቱ ግርጌ «ካውንት» ብሎ የሚያሳየው ቁጥር ርእሱንም አብሮ ስለሚቆጥር አንድ ቀንሰው ያስተያዩት። ካልገጠመ መጽሐፉ ገና በእጅ እያለ የጎደለውን ማንሣት ይቻላል።

ብዙ ፎልደሮች ላሉት ሰው ከኤክሴል 2016 ጀምሮ ያለው ሌላ መንገድ ይቀልለዋል። በ«ዳታ» ሥር «ጌት ዳታ»፣ «ፍሮም ፋይል»፣ «ፍሮም ፎልደር» ብለው ዋናውን ፎልደር ያሳዩትና «ትራንስፎርም ዳታ» የሚለውን ይምረጡ። በውስጡ ባሉት ፎልደሮች ሁሉ የሚገኙት ፋይሎች ስማቸው፣ ዓይነታቸው፣ የተፈጠሩበት ቀንና አድራሻቸው በየዓምዱ ተለይቶ ይመጣል። «ኮንቴንት» የሚለውን ዓምድ አስወግደው «ክሎዝ ኤንድ ሎድ» ይበሉት፤ ወደፊት ፎቶ ሲጨመር «ሪፍሬሽ ኦል» መጫን ብቻ ይበቃል። ነገር ግን የገጹን ይዘት፣ የሥዕሉን መግለጫ ወይም የኅዳግ ጽሑፉን ከዚህ ሰንጠረዥ ጎን መጻፍ አደገኛ ነው፤ ዝርዝሩ ሲታደስ ረድፎቹ ስለሚንቀሳቀሱ መግለጫው ከማይመለከተው ፋይል ጎን ይገኛል። መግለጫው በሌላ ገጽ ላይ ከነፋይሉ ስም ይጻፍ።

በማክ የሚሠራ ሰው ፋይሎቹን መርጦ ኮፒ ካደረገ በኋላ ፕሌን ቴክስት በሆነ የቴክስት ኤዲት ገጽ ላይ ቢለጥፍ ስሞቹን ብቻ ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ኤክሴል መውሰድ ነው።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ኤክሴል የሚያሳየው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፤ 9/11/2024 የሚለው መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ስለሆነ ለእኛ አቆጣጠር የተለየ ዓምድ መክፈትና እንደ ቴክስት መጻፍ ይሻላል። ሰንጠረዡን በተለመደው የኤክሴል ፋይል ያስቀምጡት፤ ሲኤስቪ (ሰንጠረዡን በተራ ጽሑፍ መልክ የሚያስቀምጥ ፋይል) የሚጠየቅ ከሆነ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ፤ ተራው ሲኤስቪ የግእዙን ፊደል ሁሉ የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ፋይሉን ከምስሎቹ ጋር በዚያው ፎልደር ያኑሩት፤ ለሰበካ ጉባኤው በሚሰጠው ፍላሽ ላይም አብሮ ይቀዳ።