የቆየ የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕን በቫክዩም መፈተሽ

ለዓመታት ቆሞ የነበረ የእሳት አደጋ መኪና ሞተሩ ተነሥቶ፣ ቀለሙም ታድሶ ከኩሬ ውኃ መሳብ ሲያቅተው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንድ ቦታ የሚገባ አየር ነው። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ (ውኃውን በማሽከርከር የሚገፋ ፓምፕ) በራሱ አየር መምጠጥ አይችልም። አየሩን አስወጥቶ ውኃውን የሚያመጣው ፕራይመሩ ነው፤ ያወጣው አየር በሌላ በኩል ተመልሶ ከገባ ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ የቆዩ መኪናዎችን የሚያድሰው ክለባችን የሚረከበው መኪና ሁሉ በሕዝብ ፊት ውኃ ከመርጨቱ በፊት በደረቁ፣ በቫክዩም (አየሩን ከውስጡ በማውጣት) ይፈተሽ።

መጀመሪያ የውኃ ጋኑንና ፓምፑን ሙሉ በሙሉ አፍስሱ። ውስጥ የቀረ ውኃ ቀዳዳውን ለጊዜው ደፍኖ ያታልላል። ከዚያ ማፍሰሻዎቹን ዝጉ፣ መምጠጫዎቹን በየክዳናቸው ክደኑ። የመርጫ ቫልቮቹን ዝጉ፤ ክዳናቸውን ግን አውልቁ፤ ክዳኑ ካለ ቫልቩ ማፍሰሱ አይታወቅም። ፕራይመሩ ዘይት የሚጠቀም ከሆነ የዘይት ጋኑ ክዳን ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ቀዳዳ መከፈቷን እዩ፤ ከተደፈነች ፕራይመሩ ከቆመ በኋላም ዘይቱ እየተሳበ ያልቃል።

አሁን ጌጁ (የቫክዩም መለኪያው) 22 የሜርኩሪ ኢንች እስኪያሳይ ፕራይመሩን አሠሩ፣ ከዚያ አጥፉትና ሰዓት ያዙ። በአሜሪካ መስፈርት በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ10 ኢንች በላይ መውረድ የለበትም። ከፍታ ላይ ግን መነሻው 22 ኢንች ይቀየራል፤ ከባሕር ወለል ከ610 ሜትር በላይ በየ305 ሜትሩ ከ22ቱ 1 ኢንች ቀንሱ። የአሜሪካዋ ዴንቨር ላይ ወደ 19፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 16 ኢንች ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ጠቅላላው የአየር ግፊት ራሱ 22.5 ኢንች ገደማ ስለሆነ፣ እዚያ 22 ካልሞላ ብሎ ፕራይመር መፍታት ደህናውን ዕቃ ማበላሸት ነው።

ጌጁ ቶሎ ከወረደ ሞተሩን አጥፉና አዳምጡ፤ አየሩ ሲገባ ያፏጫል። ካልተሰማ የመላጫ አረፋ ቀቡ። እንደ ጎማ መፈተሻ አረፋ ጠብቃችሁ አትቸገሩ፤ እዚህ አረፋው ወደ ውስጥ ተስቦ ጉድጓድ ይሠራል። መጀመሪያ የመምጠጫ ክዳኑን ጎማ፣ ቀጥሎ ማፍሰሻዎቹንና ወደ ጌጁ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ፣ በመጨረሻ የሻፍቱን (የሚሽከረከረውን የፓምፑን ዘንግ) ፓኪንግ፣ ማለትም አየርና ውኃ እንዳያልፍ ዙሪያውን የሚጠቀጠቀውን ገመድ እዩ።

ፓኪንጉን የምትቀይሩት ከሆነ የድሮው አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊሆን ይችላል፤ አርጥባችሁ፣ ለአስቤስቶስ የሚሆን ማስክ አድርጋችሁ አውጡት፤ በኮምፕሬሰር አየር በፍጹም አትንፉት። በመካከል የብረት ቀለበት ካለ በስንተኛው ፓኪንግ መካከል እንደነበረ ጻፉ፤ ቦታው ከተሳሳተ የሚያቀዘቅዘው ውኃ ሻፍቱ ጋ አይደርስም። አዲሱን የግራፋይት ገመድ የሻፍቱን ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ ጠቅልላችሁ ቁረጡ፤ አንድ በአንድ እየገፋችሁ አስገቡ፣ መጋጠሚያዎቹንም በ90 ዲግሪ አፈራርቁ። ፓኪንጉን የሚጫኑትን ዳዶዎች በመጀመሪያ በጣት ብቻ እሰሩ። ፓምፑ በውኃና በሥራ ግፊት ሲሠራ እኩል እኩል፣ አንድ ስድስተኛ ዙር ብቻ እያጠበቃችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። በደቂቃ ከ10 እስከ 60 ጠብታ ሲደርስ አቁሙ። ጭራሽ እንዳይንጠባጠብ ብሎ ማጥበቅ ፓኪንጉን ያቃጥላል፣ ሻፍቱንም ይፍቃል፤ የተፋቀ ሻፍት ደግሞ የትኛውንም አዲስ ፓኪንግ ይበላል።

ከኩሬ የሳበ ፓምፕ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ከዚያም ማፍሰሻዎቹ ሁሉ ተከፍተው ይቀመጥ። ውርጭ ባለበት አገር ውስጥ የቀረ ውኃ በረዶ ሲሆን የፓምፑን ብረት ይሰነጥቃል፤ ለዚህ ዓይነት ፓምፕ ደግሞ መለዋወጫ ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።